የሮም የድል ዲናሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮማውያን ድላቸውን ስለቀረጹባቸው የብር ሳንቲሞች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዲናር ምን ዓይነት ገንዘብ ነበር?

ዲናር የሮም ዋናው የብር ሳንቲም ነው። መመታት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ ሮም ከካርታጎው ሃኒባል ጋር የሞት ሽረት ትግል ላይ ሳለች ነው። ስሙ በላቲን «አሥር አሥር» ከሚል ቃል መጣ። አንዱ ዲናር በአሥር የነሐስ ሳንቲም ይመነዘር ነበርና። በኋላ ምንዛሪው 16 ሆነ፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። ዛሬ ኩዌትና ባሕሬን ያሉ ወገኖቻችን ደመወዛቸውን የሚቀበሉበት ዲናር ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነው።

ሳንቲሟ ትንሽ ናት። ስፋቷ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ወደ 4 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌልን ላነበበ ሰው እንግዳ አይደለችም። በወይን ቦታው የዋሉት ሠራተኞች ለቀን የተዋዋሉት በአንድ ዲናር ነው። ክርስቶስ «መልኩ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀውም ዲናር ይዞ ነው። ብዙ ሰው «ታዲያ ይሁዳ የተቀበለው 30 ብርስ?» ይላል። አብዛኞቹ ባለሙያዎች እሱ የጢሮስ ሰቅል ነበር ይላሉ። አንዱ ሰቅል አራት ዲናር ያወጣ ነበር።

የድል ሳንቲም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጀርባውን ይዩ። ፊቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአምላክ ወይም የገዢ ራስ ነው ያለው፤ ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው። በጣም የተለመደችው ቪክቶሪያ ናት፦ ክንፍ ያላት የድል አምላክ፣ በእጇ የአበባ ጉንጉን ወይም የዘንባባ ዝንጣፊ የያዘች። አንዳንዴ ጋሻ ላይ ስትጽፍ፣ አንዳንዴ ሠረገላ ስትነዳ ትታያለች።

ሁለተኛው ምልክት የድል ምሰሶ ነው። ሮማውያን (ከግሪኮች ተምረው) በጦር ሜዳ ግንድ ተክለው የጠላትን ጥሩር፣ ራስ ቁርና ጋሻ ይሰቅሉበት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። የእኛ አባቶች ግዳይ ጥለው ምልክቱን ይዘው እንደሚገቡት ያለ ነገር ነው። ከምሰሶው ግርጌ እጁ የኋሊት የታሰረ ወይም አገጩን በእጁ ደግፎ የተከዘ ምርኮኛ ካዩ ጥርጥር የለውም። ጽሑፉም ይረዳል፦ «ካፕታ» ማለት የተያዘች፣ «ዴቪክታ» ማለት ድል የተነሣች ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሮም ዲናርን ስትጀምር ጎን ለጎን «ቪክቶሪያቱስ» የሚባል ሌላ የብር ሳንቲምም ትመታ ነበር። ፊቱ ላይ ጁፒተር፣ ጀርባው ላይ ቪክቶሪያ የድል ምሰሶ ላይ ጉንጉን ስታደርግ ይታያል። ስሙ ራሱ ከእሷ ነው።

ምን እንደሚቀረጽ የሚወስነው ማን ነበር?

በሪፐብሊኩ ዘመን (ንጉሠ ነገሥታቱ ሳይመጡ በፊት) የገንዘብ ሥራውን የሚመሩት በየዓመቱ የሚሾሙ ሦስት ወጣት ባለሥልጣናት ነበሩ። ፖለቲካ ውስጥ ገና እግራቸውን የሚተክሉ የትልልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ገንዘብ ቤቱ የነበረው ካፒቶል ኮረብታ ላይ፣ በዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። አውሮፓውያን ለገንዘብ የሚጠሩበት ስም የተወለደው ከዚህ «ሞኔታ» ከሚል ቃል ነው።

እነዚህ ወጣቶች ዕድሉን ለአያት ቅድመ አያታቸው ስም ተጠቀሙበት። ለምሳሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 አንድ የኤሚልዮስ ቤት ልጅ ያስመታው ዲናር የመቄዶንያውን ንጉሥ ፐርሴየስን ከሁለት ልጆቹ ጋር ተማርኮ ያሳያል። ያ ድል ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ168 ፒድና ላይ የተገኘ ነው። አስቡት፦ የቅድመ አያት ጀብዱ በየሰዉ ኪስ ሲዞር! ከዚያ ዩሊየስ ቄሳር መጣ፤ የጋሎች (በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች) ምርኮኛና የድል ምሰሶ በሳንቲም ላይ በረከቱ። በ44 የገዛ መልኩን አስቀረጸ። በሕይወት ያለ ሮማዊ መልክ በሮም ከተማ ሳንቲም ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከእሱ በኋላ ድሉ ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ።

እንዴት ነበር የሚሠሩት?

በመዶሻ። ሥዕሉ ተገልብጦ የተቀረጸባቸው ሁለት ማኅተሞች አሉ፤ አንዱ ከታች ተተክሏል፣ ሌላው በእጅ ይያዛል። በመሃል የተሞቀ ክብ ብር ይቀመጥና ከላይ ይመታል። ለዚህ ነው ሁለት ዲናር ፈጽሞ የማይመሳሰለው። ሥዕሉ ወደ ጎን የሸሸበት፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ከጽሑፉ ግማሹ የቀረ ሳንቲም ቢያዩ አይገረሙ። ሠራተኛው ቸኩሎ ነው።

ድልን ለምን በገንዘብ ላይ?

መጀመሪያ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። የመንግሥት ትልቁ ወጪ ሠራዊቱ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን አንድ እግረኛ ወታደር በዓመት 225 ዲናር ይከፈለው ነበር፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን ወደ 300 አሳደገው። ወታደሩ ደመወዙን ሲቀበል የራሱን ድል እጁ ላይ ያየዋል። ከዚያ ሳንቲሙ ወደ ጠጅ ሻጩ፣ ወደ ጫማ ሰፊው፣ ወደ ግብር ሰብሳቢው ይሄዳል። ጋዜጣ በሌለበት ዓለም ይህን ያህል ሰው እጅ የሚገባ ሌላ ሥዕል አልነበረም።

«ግን ሰው ልብ ብሎ ያየው ነበር ወይ?» የሚለው ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። እኛም የብር ኖቱን ሥዕል በየቀኑ አናጠናውም። ቢሆንም የወንጌሉ ጥያቄ ራሱ ምስክር ነው፦ መልኩ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ወዲያው መለሱ። ሰው ያውቅ ነበር።

ከሁሉ ዝነኛው የትኛው ነው?

ለእኔ አዞው ነው። ኦክታቪያን (በኋላ አውግስጦስ የተባለው) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ማርክ አንቶኒንና ክሊዮፓትራን አክቲየም ላይ ድል ነሣ፤ በ30 እስክንድርያ ገባ። በ28 የተመታው ዲናር ፊቱ ላይ የኦክታቪያን ራስ አለ፤ ዘውድ የለውም፣ ጉንጉንም የለውም። ከኋላው ጫፉ የታጠፈ የካህናት በትር ቆሟል። ሲገለብጡት አንድ አዞ ብቻ። ከላይ «ኤጉፕቶ»፣ ከታች «ካፕታ» ይላል፤ ግብጽ ተያዘች። ሠራዊት የለም፣ ምርኮኛ የለም። እና ልብ በሉ፦ የተሸነፈው አንቶኒ ሮማዊ ነበር፤ ሳንቲሙ ላይ ግን ስሙም ጥላውም የለም። የርስ በርስ ጦርነቱ የውጭ ጦርነት ሆኖ ተጻፈ። በእኔ ዓይን ከዚህ የበለጠ ብልህ ሳንቲም የለም።

ከአዞው ቀጥሎ ሰው የሚወደው የትራጃን ሳንቲሞችን ነው። ንጉሠ ነገሥት ትራጃን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ101–102 እና በ105–106 ዳሲያን፣ የዛሬዋን ሮማንያ፣ ወግቶ ያዘ። በዲናሮቹ ላይ ዳሲያዊው የገዛ ወገኑ መሣሪያ ክምር ላይ ተቀምጦ ተክዟል። በ106 ደግሞ በፔትራ (ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ) ዙሪያ ያለውን የዐረቦች መንግሥት ጠቀለለ። ያ ሳንቲም ላይ ዐረቢያ በሴት ተመስላ ቆማለች፣ እግሯ ሥር ግመል አለ። ጽሑፉ «ካፕታ» አይልም፤ «የተገኘች» የሚል ቃል ነው ያለው። ብዙ ውጊያ ስላልነበረ ቃሉን መረጡ።

የይሁዳ ምርኮ ሳንቲም የሚባለው ምንድን ነው?

በ70 ዓ.ም. ጥጦስ ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። አባቱ ቬስፓሲያን ገና ንጉሠ ነገሥት መሆኑ ነበር። ከትልቅ ቤት አልተወለደም፣ ዙፋኑንም ያገኘው በርስ በርስ ጦርነት ነው። ስለዚህ ይህን ድል አጥብቆ ያዘው። እሱና ሁለቱ ልጆቹ፣ ጥጦስና ዶሚሽያን፣ ለ25 ዓመት ያህል በወርቅ፣ በብርና በነሐስ አስመቱት።

የብሩን ዲናር ቀረብ ብለው ይዩት። የድል ምሰሶው በመሃል ቆሟል። ከግርጌው አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ ራሷን በእጇ ደግፋ። ከሥሯ አንድ ቃል ብቻ፦ «ዩዳያ»። ብዙ ሰው ዲናሩም ላይ «ካፕታ» የሚል ይጠብቃል። በዚህ በተለመደው ዲናር ላይ ግን የለም፤ ቃሉ የሚበዛው ዘንባባ ባለባቸው ትልልቅ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ነው። ቃል አላስፈለገም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያን አቀማመጥ ያውቀዋል።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ132 አይሁድ በባር ኮክባ መሪነት ሲያምፁ የሮምን ዲናር ሰብስበው የራሳቸውን ማኅተም መቱበት። የወይን ዘለላ፣ በገና፣ መለከት፣ ስለ ኢየሩሳሌም ነፃነት የሚናገር ጽሑፍ። በአንዳንዶቹ ላይ ከአዲሱ ሥዕል ሥር የንጉሠ ነገሥቱ አፍንጫ ወይም የስሙ ፊደል ዛሬም ይታያል። አመፁ በ135 ተደመሰሰ። እስራኤል የምትኖሩ ደግሞ የ10 ሰቅሉን ሳንቲም ከኪሳችሁ አውጡ፦ ዘንባባው አለ። ዘንባባው መጀመሪያም የይሁዳ ምልክት ነበር፤ ሮማውያን ምርኮኛ ሴት ሥሩ አስቀመጡበት፤ አሁን ሴቲቱ የለችም።

ዓመተ ምሕረት ሳይጻፍበት መቼ እንደተመታ እንዴት ይታወቃል?

ከማዕረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ የሚታደስ «የትሪቡን ሥልጣን» የሚባል ማዕረግ ነበረው፤ ስንተኛው እንደሆነ በቁጥር ይጻፋል። ስንት ጊዜ ቆንስል (የሮም ከፍተኛው ሹመት ነው) እንደሆነም ይቆጠራል። ለምሳሌ ትራጃን «ቆንስል 5» የሚል ከሆነ ሳንቲሙ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የድል ስሞችም ቀን ያወጣሉ። ትራጃን «ዳኪኩስ»፣ የዳሲያ አሸናፊ፣ የተባለው በ102 መጨረሻ ነው፤ «ፓርቲኩስ»፣ የጳርቴዎች አሸናፊ፣ ደግሞ በ116። ያ ስም ካለበት ሳንቲሙ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ነገሩ ከእኛ የፈረስ ስም ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የሮማውያኑ ስም ከተሸነፈው ሕዝብ መወሰዱ ነው።

በእርግጥ ንጹሕ ብር ነበሩ?

መጀመሪያ አዎ፤ በአውግስጦስ ዘመን ንጹሕ ሊባል የሚችል ብር ነበር። ኔሮ በ64 ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰ። በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ጊዜ ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ። በ215 ካራካላ የሁለት ዲናር ዋጋ ያለው ተብሎ የሚገመት አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ የያዘው ብር ግን የአንድ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ ቁልቁል ነው። በ270 አካባቢ ብሩ ከመቶ 5 እጅ እንኳ አይሞላም። የሠራዊቱ ወጪ ይጨምራል፣ ብሩ አይጨምርም፤ ያለውን በመዳብ ማብዛት ነው የቀረው።

ሰው ግን ሞኝ አልነበረም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደጻፈው ጀርመኖቹ ከሮም ገንዘብ የሚመርጡት ድሮ የሚያውቁትን ነበር፦ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆረጠውን ወይም ሁለት ፈረስ ያለበትን። ይህን ሳነብ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው ትዝ የሚለኝ። አያቶቻችን የንግሥቲቱን የደረት ጌጥና የዘውዷን ሉል እያዩ፣ በጣት እየዳበሱ አልነበር የሚቀበሉት? 1780 የሚል ካልሆነ ወዲያ በለው። የታመነ ሥዕል ከአዲስ ሥዕል ይበልጣል።

ዲናር ወደ እኛ አገር ደርሶ ነበር?

ደርሷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች መገበያያ ነው ይላል። በመጠራ ቁፋሮም የ2ኛውና የ3ኛው ክፍለ ዘመን ሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ከጌጣጌጥ ጋር ተገኝተዋል።

ከዚያ አክሱም የራሷን መታች። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ሲጀምር የሮምን የክብደት ልክ ተከትሎ ነው፤ ንግዱ ከዚያ ጋር ነበርና። ሥዕሉ ግን የተለየ ነው። የወርቁ ላይ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይታያል። ኢዛና ዘመቻዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ የጻፈው ግን በድንጋይ ላይ ነው። በሳንቲም ላይ የታሰረ ሰው አላስቀረጸም። ቆየት ብሎ የመጡት የመዳብ ሳንቲሞች «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በግሪክኛ ይዘዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ እኔ ልቤ ወደ እህሉ ነው የሚያደላው።

መግዛት ብፈልግ ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር፦ ሐሰተኛውንና የተሰረቀውን። ዲናር በሚሊዮኖች ስለተመታ የተለመዱት ብርቅ አይደሉም፤ አዞውና የመሳሰሉት ግን ውድ ናቸው፣ ስለዚህም በብዛት ይመሰላሉ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመስሎ ጠርዙ ላይ ስስ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ገጹም እንደ እንጀራ ዓይን በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ክብደቱን ይመዝኑ። በጥንት ጊዜም መዳብ በብር ለብጠው የሚያጭበረብሩ ነበሩ፤ ሳንቲሞች ላይ የምናያቸው ትንንሽ የጭረትና የቡጥ ምልክቶች ያኔ ገንዘብ መርማሪዎች የተዉዋቸው ናቸው። እባክዎ በአሸዋ ወረቀትም በአሲድም አያጽዱት። ያ ጥቁረት የ2000 ዓመት ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይመለስም።

የመጣበትን ማወቅ ደግሞ የግድ ነው። ቄሳርን ከገደሉት አንዱ የሆነው ብሩቱስ ያስመታው የወርቅ ሳንቲም በ2020 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር። የባለቤትነት ታሪኩ የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና በ2023 ወደ ግሪክ ተመለሰ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፍር ጥንታዊ ሳንቲም ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት፤ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ (እሱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያስገድዳል። ገበሬው ለመንገደኛ በሸጠው ቁጥር ሳንቲሙ የተገኘበት ቦታ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ሳንቲሙ ላይ ያለው ድል ሁሉ እውነት ነው?

አይደለም፤ ነገሩ የሚጣፍጠውም እዚህ ጋ ነው። ስካውረስ የሚባል ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ያስመታው ዲናር የዐረቦቹን ንጉሥ አሬታስን ያሳያል፦ ከግመሉ ጎን ተንበርክኮ ዝንጣፊ ሲያቀርብ። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው የአይሁድ ታሪክ ከዮሴፈስ የወጣ ነው ይባላል፤ ራሱ ዮሴፈስ በግሪክኛ የጻፈው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። የስካውረስ ጦር ፔትራ አካባቢ ተራበ፤ ንጉሡ 300 መክሊት ብር ከፈለ፤ ስካውረስ ተቀብሎ ተመለሰ።

አውግስጦስም እንዲሁ። የሮም ጦር አዛዥ ክራሰስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ካራን ላይ ሲሸነፍ ጳርቴዎች የሌጌዎኖቹን ዓርማ ወስደው ነበር። በ20 መለሱት፤ በድርድር። አንድ ቀስት አልተወረወረም። ዲናሩ ላይ ግን ጳርቴው ተንበርክኮ ዓርማውን ሲያስረክብ ነው የሚታየው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ244 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ፊሊፕ አረቡ «ከፋርሶች ጋር ሰላም ተመሠረተ» የሚል ሳንቲም አስመታ። የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር ያንኑ ሰላም ዛሬ ኢራን ውስጥ ባለው ናቅሽ ሩስታም ላይ በድንጋይ አስጽፎታል፦ ፊሊፕ ለሕይወታቸው ቤዛ 500,000 ዲናር ከፍሎ ገባር ሆነ ይላል። ሻፑርም የራሱን ወገን ነው የሚያወራው፤ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ዳግማዊ ክላውዲየስ በ269 ዛሬ ሰርቢያ ባለችው ኒሽ አጠገብ ጎቶችን በእርግጥ ድል ነሥቷል። ሳንቲሙ «በጎቶች ላይ የተገኘ ድል» ይላል። ምሰሶው አለ፣ ከግርጌው ሁለት እስረኞች አሉ፣ ሁሉም እንደ ጥንቱ ነው። ሥራው ግን የችኮላ ነው፤ ፊደሎቹ ተጨራምተዋል፣ የአንዱ እስረኛ ፊት ነጥብ ብቻ ሆኗል። ብሩም ላዩ ላይ የተቀባ ስስ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ላይ ረግፎ አልቆ መዳቡ ቀይ ሆኖ ይታያል።